አዲስ የመወያያ ርዕስ ስለ መክፈት፦ የናይሮቢው የሥነ ጽሑፍ ክርክር ታሪክ

በመምህራን ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ የአጀንዳውን የመጨረሻ መስመር ያውቃታል። «ልዩ ልዩ» ትላለች። ስለ ጠመኔ እጥረት፣ ስለ አርፋጅ ተማሪዎች፣ ስለ ፈተና ጥበቃ ድልድል ሁለት ሰዓት ያህል ሲወራ ይቆይና፣ ሰዉ ሰዓቱን ማየትና ደብተሩን መሰብሰብ ሲጀምር ሰብሳቢው «በልዩ ልዩ ላይ ሐሳብ ያለው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አዲስ ነገር ያሰበ መምህር እጁን የሚያወጣው እንግዲህ በዚያች ደቂቃ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በማስተማር ሥራ ላይ በተሰማራ በሁለተኛው ዓመት እጁን አውጥቶ ነበር። ያቀረበው ሐሳብ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር እየሰበሰቡ ያምጡ፤ ሥራውም ከአማርኛ ትምህርት ማርክ ይታሰብላቸው የሚል ነበር። አንድ ባልደረባ «ማን ሊያርመው ነው?» አሉ፤ ሌላው ሳቁ፤ ሰብሳቢው «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለሚቀጥለው ይቆየን» አሉና ስብሰባው ተዘጋ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «በልዩ ልዩ ላይ አንዳንድ አስተያየቶች ተሰጥተዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ አላነሣሁትም።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በባልደረቦቼ ላይ ስጥል ኖርኩ። ኋላ ግን የጎረቤታችንን የኬንያን የትምህርት ታሪክ ሳነብ፣ አንድ ማኅበር ተነጋግሮበት የማያውቀውን ጉዳይ እንዲነጋገርበት ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን፣ የሐሳቡ ትክክለኛነትም ከዚህ ሥራ ትንሹ ክፍል መሆኑን ተረዳሁ። በናይሮቢ በ1968 ሦስት ሰዎች ያነሡት ርዕስ በስድስት ዓመት ውስጥ 200 የሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በአንድ አዳራሽ ሰብስቧል። ይኸው ጉዳይ ግን ከዚያ በፊት ደጋግሞ ብቅ ብሎ ደጋግሞ ጠፍቶ ነበር። ለምን ጠፋ? በ1968ስ ለምን ሳይጠፋ ቀረ? ለእኛ ለመምህራን ታሪኩ የሚጠቅመው በዚህ ጥያቄ በኩል ሲታይ ይመስለኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከካምፓላ ይጀምራል። በጁን ወር 1962 በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን ጉባኤ ተደረገ። ቺኑዋ አቼቤ፣ ወሌ ሾይንካ፣ ኤዜኪኤል ምፋሌሌ ተገኝተዋል። የኮሌጁ ተማሪ የነበሩት ኬንያዊው ጀምስ ንጉጊም (በኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በመባል የታወቁት) ባሳተሟቸው ጥቂት አጫጭር ልብ ወለዶች ምክንያት ለመገኘት በቁ። ጉባኤተኞቹ «የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ማለት ምን ማለት ነው?» እያሉ አጥብቀው ተከራከሩ። ነገር ግን የክርክሩን ዳር ድንበር የስብሰባው ስያሜ አስቀድሞ ወስኖት ነበር። በስዋሂሊ ቋንቋ በግጥምም በዝርውም ከሁሉ የላቁ የነበሩት የታንጋኒካው ሻባን ሮበርት፣ በእንግሊዝኛ ስላልጻፉ ብቻ ጥሪ አልደረሳቸውም፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። በአፍሪካ ቋንቋ ስለ መጻፍ የሚናገረው ሰው በአዳራሹ ውስጥ ከሌለ ርዕሱን ማን ያነሣዋል? ማንም አልከለከለውም፤ የሚነሣበት ወንበር ግን አልተዘጋጀለትም። (የጉባኤውን ወጪ ከቻሉት አንዱ የባህል ነፃነት ኮንግረስ የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ ገንዘቡ ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይመጣ እንደ ነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጋልጧል። ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን የአዳራሽ ኪራይ ከፋይም አጀንዳ ላይ እጅ እንዳለው ለማስታወስ ያህል ነው።)

በዓመቱ በ1963 ናይጄሪያዊው ኦቢ ዋሊ፣ ካምፓላ ውስጥ ይታተም በነበረው ትራንዚሽን በተባለ መጽሔት ላይ ያንኑ ያልተነሣ ጉዳይ አነሡት። በአውሮፓ ቋንቋ የሚጻፍ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መውጫ ወደሌለው መንገድ የገባ ነው ሲሉ ጻፉ። እሳት ተነሣ። ምፋሌሌና ሌሎችም መልስ ጻፉ፤ አቼቤም በ1965 በዚያው መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ የመጻፍን መብት በሚገባ ተከላከሉ። ክርክሩ ዛሬም ሲነበብ ደስ ያሰኛል። ሆኖም የመጽሔት ክርክር ሰብሳቢ የለውም፤ ቃለ ጉባኤም የለውም። ሁሉም የመሰለውን ከጻፈ በኋላ ውሳኔ መስጠት የሚገባው አካል ስለሌለ፣ ቁጣው ሲበርድ ርዕሱም አብሮ በረደ። አንድም ትምህርት ቤት፣ አንድም የትምህርት ክፍል በዚያ ምክንያት የመማሪያ መጽሐፉን አልለወጠም።

ሦስተኛው ሙከራ የታባን ሎ ሊዮንግ ነው። እርሳቸው በ1965 መጨረሻ ኢስት አፍሪካ ጆርናል በተባለው መጽሔት ላይ፣ ምሥራቅ አፍሪካ በሥነ ጽሑፍ በኩል መካን ሆናለች፤ ይህ መካንነት ሊታረም ይችላል ወይ? ሲሉ ጠየቁ። ታባን መናከስ የሚወዱ ጸሐፊ ናቸው፤ ቃሉንም የመረጡት እንዲያሳምም ብለው ይመስለኛል። አሳመመም። ሰው ሁሉ አነጋገራቸውን እየጠቀሰ ተቆጣ። ጥያቄው ግን በአብዛኛው የተወሰደው እንደ ስድብ ስለሆነ፣ ብዙው ሰው የተጠመደው «መካን ነን ወይስ አይደለንም» በሚለው ላይ ነበር። በዓመቱ በ1966 የኦኮት ፒቢቴክ የላዊኖ መዝሙር የተባለው ረጅም ግጥም ናይሮቢ ላይ ታተመ፤ በመጀመሪያ በአቾሊ ቋንቋ ተጽፎ በደራሲው ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። ከመጽሔት ክርክር ይልቅ እርሱ ብዙ ሰው አሳመነ ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ 1968 እንምጣ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዚያን ጊዜ ከማኬሬሬና ከዳሬሰላም ጋር ሆኖ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበር። ኬንያ ነፃ ከወጣች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በኮሌጁ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ግን ትምህርቱ የሚያተኩረው አሁንም በእንግሊዝ አገር ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ላይ ነው። ንጉጊ ከ1967 ጀምሮ በዚያ ክፍል ያስተምሩ ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1968 በተደረገው በ42ኛው የአርትስ ፋከልቲ ቦርድ ስብሰባ ላይ፣ የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ዶክተር ጀምስ ስቱዋርት ስለ ክፍሉ የወደፊት እድገት አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። ጽሑፉ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ክፍሉ እንግሊዛዊነቱን እየቀነሰ ለአሜሪካ፣ ለካሪቢያንና ለአፍሪካ ድርሰቶች በሩን መክፈቱ የማይቀር መሆኑን ይገልጻል። ለብዙ ሰው ይህ በቂ መሻሻል ነው፤ አመስግኖ ማጽደቅ ብቻ ይቀራል።

ኦክቶበር 24 ቀን፣ ልክ በወሩ ገደማ፣ ንጉጊ፣ ሄንሪ ኦዎር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ በጽሑፍ መልስ ሰጡ። ርዕሱ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ስለ መሰረዝ የሚል ነው። ሁለት ሐሳብ አቀረቡ፤ አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይሰረዝ፤ ሁለተኛ፣ በምትኩ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋዎች ክፍል ይቋቋም። ርዕሱን ብቻ የሰማ ሰው ሼክስፒር ሊባረር ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጽሑፉን ያነበበ ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ይቅር አይልም፤ ተማሪዎች ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንዲያውቁ ይጠይቃል፤ የአፍሪካን ሥነ ቃል የመጀመሪያው ምንጭ ያደርግና ከዚያ ወደ ዘመናዊው የአፍሪካ ድርሰት፣ ወደ ካሪቢያን፣ ወደ ሌላውም ዓለም ይሸጋገራል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ዶክተር ስቱዋርት የከፈቱት ጥያቄ «ምን ያህል የአፍሪካ ጽሑፍ እንጨምር?» የሚል የመጠን ጥያቄ ነበር። በዚህ ጥያቄ ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው «ጥቂት» ወይም «ብዙ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሦስቱ ሰዎችም «ብዙ ይጨመር» ብለው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በሁለት ተጨማሪ መጻሕፍት ያልቅ ነበር። እነርሱ ግን የመጠኑን ጥያቄ ወደ ቦታ ጥያቄ ለወጡት፤ ማእከሉ የት ነው? አንድ ናይሮቢ ላይ ቆሞ ዓለምን የሚመለከት ወጣት መነሻው ለንደን ነው ወይስ የራሱ ቀዬ? ጥያቄው እንዲህ ከሆነ በኋላ «አዎን፣ አፍሪካም ትጨመር» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። የተቃወመም የደገፈም ስለ አንድ ነገር ለመናገር ይገደዳል። በእኔ አስተያየት አዲስ ርዕስ የሚከፈተው ሰው ሊያመልጠው የማይችለው ጥያቄ ሲገኝ ነው፤ የታባን የ1965 ጥያቄ ያጣው ይህንኑ ነው፤ ቁጣ ራሱ ማምለጫ ነበርና።

ሁለተኛው ነገር ደረቅ የቢሮ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው እርሱን ነው። ሦስቱ ሰዎች «በልዩ ልዩ» ላይ እጅ አላወጡም። በቦርዱ ፊት አስቀድሞ ለቀረበ ጽሑፍ ነው መልስ የጻፉት። ስለዚህ ቦርዱ ጉዳዩን ላለማየት ቢፈልግ እንኳ የራሱን አጀንዳ መተው ይኖርበታል። በጽሑፍ ስለሆነም እንደ ቃል አስተያየት «አንዳንድ አስተያየቶች ተሰጥተዋል» በሚል መስመር አይቀበርም። ደግሞም ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ ወጣት መምህር ብቻውን ቢጽፈው የግል ቅሬታ ይባል ነበር፤ ምናልባትም ሹመት ፈልጎ ነው ይባል ነበር።

ይሁንና በዚያው ወር ርዕስ መክፈት ሌላም ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ነገር በካምፓላ ተፈጽሟል። የትራንዚሽን መጽሔት አዘጋጅ ራጃት ኒዮጊና የፓርላማ አባሉ አቡ ማያንጃ፣ በመጽሔቱ ላይ የኡጋንዳን ሕገ መንግሥት የሚነቅፍ ጽሑፍ በመውጣቱ በኦክቶበር 1968 ታሰሩ። መጽሔቱም በኋላ ወደ ጋና ለመሰደድ ተገዷል። ለዓመታት ለምሥራቅና ለምዕራብ አፍሪካ ጸሐፊዎች የመከራከሪያ አደባባይ ሆኖ የኖረው ገጽ በአንድ ርዕስ ምክንያት ተዘጋ። ናይሮቢ ላይ የተነሣው ጥያቄ የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ስለ ነበር ለጊዜው ባለሥልጣን አላስደነገጠም። ለጊዜው ነው የምለው፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አስገራሚ ነው። በ1969 መጀመሪያ የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ኦጊንጋ ኦዲንጋ በኮሌጁ ንግግር እንዳያደርጉ በመከልከላቸው የተማሪዎች አድማ ተነሣ፤ ኮሌጁ ተዘጋ፤ ንጉጊም የትምህርት ነፃነት ተጥሷል ብለው ከሥራቸው ለቀቁ። ርዕሱን ከከፈቱት ሰዎች ዋነኛው ሄዱ ማለት ነው። ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ያበቃ ነበር። ግን አላበቃም። ከ1969 እስከ 1973 ክፍሉን የመሩት አንድሩ ገር የሼክስፒርን ዘመን ቲያትር የሚያጠኑ ምሁር ነበሩ፤ ሆኖም ለውጡ የተካሄደው በእርሳቸው ጊዜ ነው። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቀርቶ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ተባለ፤ የቋንቋ ጥናቱም ለብቻው ክፍል ሆነ። ንጉጊ በ1971 ተመልሰው በ1973 የክፍሉ የመጀመሪያ አፍሪካዊ ኃላፊ ሆኑ። ርዕስ ከፋቹ በሌለበት ርዕሱ መኖሩ፣ ርዕሱ የማኅበሩ መሆኑን ያሳያል።

በዚሁ ዘመን የማኬሬሬው የቋንቋ ምሁር ፒዮ ዚሪሙ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ሥራ ሠሩ። በእንግሊዝኛ «የቃል ሥነ ጽሑፍ» የሚለው አነጋገር እርስ በርሱ ይጋጫል፤ በቃል ያለው እንዴት ይጻፋል? ስለሆነም ኦራቸር የሚል አዲስ ቃል ፈጠሩለት። ስም የሌለው ነገር በስብሰባ ላይ ሊነሣ አይችልም፤ ቢነሣም ተናጋሪው ሁልጊዜ «ያ፣ ማለትም፣ እንትን» እያለ ይደናቀፋል። በእኛ አማርኛ ደግሞ ችግሩ ከእንግሊዝኛው ይብሳል፤ «ሥነ ጽሑፍ» በሚለው ቃል ውስጥ ጽሑፍ ራሱ ቁጭ ብሏልና። «ሥነ ቃል» የሚለው ስያሜ ይህንን ሲያቃልልልን፣ ተረቱና ቀረርቶው ከሥነ ጽሑፍ ጎን በእኩል ደረጃ የሚቆምበት ቦታ አገኘ። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ «የአያቶች ተረት» ከማለት «ሥነ ቃል» ብዬ ቢሆን ኖሮ ያ ባልደረባዬ ይስቁ ነበር? ምናልባት።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን እንመጣለን። ዩኒቨርሲቲው ስሙንና ኮርሱን ቢለውጥም፣ ተማሪው የሚመጣው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ የመጻሕፍቱ ዝርዝር በብዛት የድሮው ነው። ስለዚህ በሴፕቴምበር 1974 በናይሮቢ ትምህርት ቤት በኬንያ ትምህርት ቤቶች የአፍሪካን ሥነ ጽሑፍ ስለ ማስተማር ጉባኤ ተጠራ። ቦታው ራሱ ይናገራል፤ ይህ ትምህርት ቤት በቅኝ ግዛት ዘመን ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ እየተባለ የአውሮፓውያን ልጆች ብቻ ይማሩበት የነበረ ነው። የጠሩት የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ ክፍልና የትምህርት ሚኒስቴር የእንግሊዝኛ ኢንስፔክተሮች በአንድነት ሲሆን፣ ዝግጅቱን ያስተባበረውን ኮሚቴ ኤዳ ጋቹኪያና አኪቫጋ መርተውታል።

የተጋባዦቹን ዝርዝር ላነበበ ሰው የአዘጋጆቹ ብልኀት ይታየዋል። 200 የሥነ ጽሑፍና የእንግሊዝኛ መምህራን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ። ከዩኒቨርሲቲውና ከኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ እንዲሁም ከማኬሬሬ፣ ከዳሬሰላምና ከማላዊ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ተገኙ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግን፣ የምሥራቅ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት ተወካዮች ነበሩ፤ አሳታሚዎች ነበሩ፤ የኬንያ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር ነበረ። «ማን ሊያርመው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያስታውሷል። ያ ጥያቄ የክፋት ጥያቄ አልነበረም፤ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ፈተናው ካልተለወጠ መምህሩ ስለ ሥነ ቃል ማስተማሩ ተማሪውን መጉዳት ይሆናል። መጽሐፍ ካልታተመ በምን ያስተምራል? ናይሮቢ ላይ ፈተና አውጪው፣ መጽሐፍ አሳታሚውና አስተማሪው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ማንም ቢሆን «ይህ የሌላው ክፍል ሥራ ነው» ብሎ ሊመልስ አልቻለም። የጉባኤው የሥራ ኮሚቴ በመጨረሻ ያቀረበው ሐሳብም ከቅርብ ወደ ሩቅ የሚሄድ ነው፤ ከሥነ ቃል፣ ከኬንያና ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ሦስተኛው ዓለም፣ ከዚያም ወደ ቀሪው ዓለም ሥነ ጽሑፍ ይደርሳል።

ከውሳኔ ሐሳብ እስከ ጥቁር ሰሌዳ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነበር። የቃል ተረት በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚተነተን የሚያሳይ የጄን ናንድዋና የኦስቲን ቡከንያ የትምህርት ቤት መጽሐፍ የታተመው በ1983 ነው፤ ከጉባኤው ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ብዙው መምህር በጉባኤው መንፈስና በአሮጌው መጽሐፍ መካከል ተወጥሮ ማስተማሩ አይቀርም። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሦስቱ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል፤ አዲሱን ርዕስ ወደ ክፍለ ጊዜ ለመለወጥ ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ቤታችሁ የምትሰሙትን እንቆቅልሽ ንገሩኝ» ስላለው መምህር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በ1968ም ሆነ በ1974 በሚገባ ሳይከፈት አልፏል። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ማእከል ይሁን ከተባለ በኋላ፣ ይህ ሥነ ጽሑፍ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ? የኦቢ ዋሊ ጥያቄ ነው፤ 1963 ላይ የቀረው። ንጉጊ ራሳቸው የ1968ቱን ጽሑፍም ሆነ ልብ ወለዶቻቸውን የጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። በ1977 ግን በተወለዱበት በሊሙሩ አካባቢ፣ በካሚሪቱ መንደር፣ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በኪኩዩ ቋንቋ የጻፉትን ቲያትር ገበሬዎችና ሠራተኞች ሠሩት። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ያልነካቸው መንግሥት አሁን ነካቸው። ቲያትሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታገደ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ታሰሩ፤ ያለ ፍርድም እስከ ዲሴምበር 1978 በካሚቲ ወኅኒ ቤት ቆዩ።

እዚያ ወረቀት አይሰጥም ነበር። በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ፣ በኪኩዩ፣ የመጀመሪያውን የኪኩዩ ልብ ወለዳቸውን ጻፉ፤ በ1980 ታተመ። በ1986 ባሳተሙት የድርሰት ስብስብ ውስጥ ደግሞ የናይሮቢውን ክርክር ታሪክ በዝርዝር ሲተርኩ፣ የኦቢ ዋሊን የ1963 ጽሑፍ አንሥተው ጠቅሰዋል።